አፍ ከዓይን ሲቀድም

ፊደል የሚማር ሕፃን ገበታውን በጕልበቱ ላይ አድርጎ፥ ስንደዶውን ይዞ፥ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» እያለ ሲጮኽ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሰምቶ ደስ ይለዋል። አባቱም ከእርሻ ሲመለስ ድምፁን ከሩቅ ሰምቶ «ልጄ ፊደል ለየ» ብሎ ለጐረቤቱ ይነግራል። ነገር ግን ልጁ ፊደል መለየቱና አለመለየቱ ገና አልታወቀም። አንዱን ነገር በአንድ ዜማ ቀኑን ሁሉ የሚደጋግም ልጅ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቃሉን በአፉ ይይዘዋል። አፉ ከያዘው በኋላ ዓይኑ ሥራ ይፈታል። ስንደዶው በ«ለ» ላይ ቆሞ ሳለ አፉ ከ«መ» ይደርሳል፤ ልጁም በሰማይ የሚዞረውን አሞራ እያየ ገበታውን እስከ «ፐ» ይጨርሰዋል።

የቀድሞ መምህራን ይህን ነገር ያውቁ ነበር። ስለዚህ ከ«ሀ ሁ» በኋላ አቡጊዳን አስከተሉ። በአቡጊዳ ፊደሎቹ እነዚያው ናቸው፤ ተራቸው ግን ተለውጧል። «በ» ብሎ ወደ «ቡ» መሄድ የለመደ ልጅ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» የሚል ሲያገኝ እያንዳንዱ ፊደል ከሌላ ቤት ይመጣበታል፤ አፉ የለመደው መንገድም ይቋረጥበታል። እንግዲህ ዝም ብሎ ገበታውን ማየት ግድ ይሆንበታል። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው በ7 መልክ ሲቈጠሩ 231 ይሆናሉ፤ ከነዚህም ውስጥ «ደ»ና «ጀ»፥ «ጸ»ና «ጰ»፥ «ዐ»ና «ፀ» እንደ ወንድማማች ስለሚመሳሰሉ ትኵር ብሎ ላላያቸው ሰው አይለዩም። በእውነት የሚያየው ልጅና በልማድ የሚጮኸው ልጅ የሚታወቁት በዚህ ስፍራ ነው። አቡጊዳም ራሱ በዜማ ሊያዝ ይችላልና፥ ብልኅ መምህር ከታች ወደ ላይ፥ ከቀኝ ወደ ግራ እያዘለለ ይጠይቃል።

ይህ በፊደል ገበታ ላይ የሚታየው ነገር በሰው ኑሮ ሁሉ ይገኛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አእምሮ አጥቶ አይደለም፤ አፉና እጁ ከዓይኑ ስለሚቀድሙ ነው።

ስለዚህ «ልማድ ክፉ ነው» የሚል ሰው ቢኖር ግን እርሱም ተሳስቷል። ልማድ ባይኖር ኖሮ ማንም ዳዊት ሊደግም አይችልም ነበር፤ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ቆሞ «ይህ ማን ነው?» እያለ ሲጠይቅ በአንድ መዝሙር ላይ ይመሽበት ነበር። ሸማኔ መወርወሪያውን ሲወረውር ስለ እጁ አያስብም። እናትም እንጀራ ስትጋግር፥ ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መካከል ስታፈስ፥ እጅዋ መንገዱን ያውቃል። ልማድ እንደ አህያ ነው። እህል ቢጭኑበት እህል ያደርሳል፤ ድንጋይ ቢጭኑበት ድንጋይ ያደርሳል፤ «ምን ጫናችሁብኝ?» ብሎ አይጠይቅም። መጠየቅ የጫኙ ፈንታ ነው።

ደግሞም ልማድ ሲጀምር አይታይም። በኰረብታ ጎን ከብቶች በየቀኑ በአንድ በኩል ወደ ውሃ ሲወርዱ ሣሩ ይጠፋል፤ መሬቱም ይጠጥራል። ክረምት ሲመጣ ጐርፉ ያን የተጠረገ መንገድ አግኝቶ ይወርድበታል፤ አፈሩንም ይዞ ይሄዳል። በመጀመሪያው ዓመት ሕፃን በአንድ እርምጃ የሚሻገረው ፈለግ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሬ ገብቶ የሚሰበርበት ገደል ይሆናል። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሸክም እሾህና ጥቂት ድንጋይ ጣል ቢያደርግበት ኖሮ ከብቶቹ በሌላ በኩል ይዞሩ፥ ሣሩም ተመልሶ ይበቅል ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ስለ እሳት ብቻ አይደለም።

በንባብ ትምህርትም እንዲሁ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተማሪ ፊደልን ከለየ በኋላ የዮሐንስን መልእክት ይጀምራል፤ በመጀመሪያ በቀስታ ፊደሉን እየቈጠረ፥ ቀጥሎ በግእዝ ንባብና በውርድ ንባብ፥ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይሄዳል። ይህ ሁሉ መዘግየት ጊዜ ማባከን የሚመስለው ሰው አለ። መዘግየቱ ግን ስለ ጥበቃ ነው። ቃሉ ተነሽ ወይም ወዳቂ፥ ሰያፍ ወይም ተጣይ መሆኑን ተማሪው በቀስታ ሳለ ካልያዘው፥ በፍጥነት ከሮጠ በኋላ የሚያቃናው ብዙ ድካም ነው። በመጀመሪያው ወር በጠማማ የለመደውን ቃል ሽበት ካወጣ በኋላ እንኳ በዚያው በጠማማው የሚያነብ ሰው አይጠፋም፤ ሰዎች ቢነግሩትም «አዎን፥ እውነት ነው» ይላል፥ በማግሥቱም ያንኑ ይደግማል።

በአማርኛም ቢሆን የሚሮጥ አንባቢ ይወድቃል። «በሬ ይበላል» የሚል ጽሑፍ ተጽፎ ቢገኝ፥ አላልቶ የሚያነበው በሬውን ሣር ላይ ያሰማራዋል፤ አጥብቆ የሚያነበው ግን አርዶ ከድስት ይጨምረዋል። ፊደሉ አንድ ነው፤ በሬው ግን በአንዱ ንባብ ይኖራል፥ በሁለተኛው ይሞታል። «አለ» የሚለውም ቃል ሲላላ መናገርን፥ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን ስለማይጽፍ አንባቢ ከፊትና ከኋላ ያለውን ቃል አይቶ መፍረድ አለበት። ማየት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደ ተባለ።

ቁም ጸሐፊዎች ይህን ከሁሉ ይልቅ ያውቁታል። ቁም ጸሐፊ ብራናውን ፍቆ፥ አስምሮ፥ መቃውን ቀርፆ፥ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም አዘጋጅቶ ሲቀመጥ፥ ከፊቱ የሚገለብጠው መጽሐፍ ይዘረጋል። አንድ ዐረፍተ ነገር ያይና ይጽፋል፤ ተመልሶም ያያል። በዚህ መመላለስ መካከል የታወቀ ወጥመድ አለ። በአንድ ገጽ ላይ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፎ እንደ ሆነ፥ ዓይኑ ሲመለስ በመጀመሪያው ፈንታ በሁለተኛው ላይ ያርፋል፤ በሁለቱም መካከል ያለው ነገር ሁሉ ይዘለላል። የጻፈው ፊደል ያማረ ነው፤ መሥመሩም የቀና ነው፤ ነገር ግን ሦስት መሥመር ጐድሏል። ካላመሳከረው አያውቀውም። ከዚያም ሌላ ጸሐፊ ይህን መጽሐፍ ተውሶ ቢገለብጠው፥ ጕድለቱን ከነመጽሐፉ ይወርሳል፤ ከእርሱም የሚገለብጥ እንዲሁ። ስሕተትም እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል።

ስለዚህ አስተዋይ ጸሐፊ የጻፈውን ከምንጩ ጋራ መልሶ ያነባል። የተሳሳተውን ፊደል በሰንጢ ጫፍ ይፍቃል፤ የተዘለለውንም ቃል ከመሥመር በላይ በቀጭን ፊደል ያገባል። በየገዳማቱ ባሉት በብራና መጻሕፍት ላይ እነዚህ የተፋቁና የገቡ ስፍራዎች ይታያሉ። ለዓይን ውበት አይደሉም። አንድ ጊዜም ያልተፋቀ፥ ምንም ያልገባበት መጽሐፍ ያየ ሰው ግን «ይህ ጸሐፊ አልተሳሳተም» ከማለቱ በፊት «ይህን መጽሐፍ ከምንጩ ጋራ ያመሳከረው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል።

የማረም ትዕግሥት ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ለማወቅ የኢዮብ ሉዶልፍን ሥራ ማስታወስ ይበቃል። ይህ ሰው በ1624 ዓመት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ የግእዝን ቋንቋ ለማወቅ ፈልጎ ከመጻሕፍት ብቻ ሲለቅም ኖረ፤ ነገር ግን የሚያርመው ሰው አልነበረውም። በ1649 በሮማ ከአማራ አገር ከመካነ ሥላሴ ከመጡት ከአባ ጎርጎርዮስ ጋራ ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስም በ1652 ወደ ጀርመን ወደ ጎታ ከተማ ሄደው ግእዝንና አማርኛን አስተማሩት፤ የአገራቸውንም ታሪክ ነገሩት። የተማረ አውሮጳዊ በአንድ ኢትዮጵያዊ መነኵሴ ፊት ተቀምጦ «ይህ እንዴት ይባላል?» ማለቱ፥ ስለዚህ ሰው ከሚነገረው ሁሉ ይህ የሚበልጠው ነው። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከቡ ተሰብሮ በባሕር ሞቱ።

ከዚህ በኋላ በ1661 የሉዶልፍ የግእዝ መዝገበ ቃላት በለንደን ታተመ። እርሱ ግን ማተሚያው ቤት አልነበረም፤ የኅትመቱን ሥራ የያዘው ሌላ ሰው ነበር። መጽሐፉ ሲወጣ ሉዶልፍ ደስ አላለውም፤ ስሕተት አገኘበት። በዚያ ጊዜ በአውሮጳ ግእዝን የሚያውቁ ጥቂቶች ስለ ነበሩ ዝም ቢል ኖሮ የሚከሰው አልነበረም። እርሱ ግን ሲያርምና ሲጨምር ኖሮ፥ በ1699 መዝገበ ቃላቱን በፍራንክፈርት ሁለተኛ አሳተመ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል 38 ዓመት አለ። የመጀመሪያው ሲታተም 37 ዓመት የሆነው ሰው፥ የታረመውን ሲያወጣ የ75 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ነበር። አንድ ቃል ተሳስቶ መምህሩ ቢያርመው ገበታውን ወርውሮ የሚያለቅስ ልጅ ይህን ቍጥር ቢሰማ ጥሩ ነው።

የልጅ ልቅሶ ግን ሁልጊዜ የልጁ ጥፋት አይደለም። በቀድሞ ጊዜ ተማሪ በተሳሳተ ቍጥር የሚገርፉ መምህራን ነበሩ፤ ከዚህም የተነሣ ብዙ ልጆች መሳሳትን ሳይሆን ስሕተትን መሰወርን ተማሩ። የማያውቀውን ፊደል በድምፁ መካከል ውጦ ማለፍ፥ ጓደኛው እስኪጀምር ጠብቆ አብሮ መጮኽ፥ መምህሩ ሲያዩት አንገቱን ነቅነቅ ማድረግ፥ ይህ ሁሉ የፍርሃት ትምህርት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ከአሥር ጓደኞቹ ጋራ ሲያነብ ዐዋቂ ይመስላል፤ ለብቻው በቆመ ቀን ግን አፉ ይታሰራል። ተማሪው «አላወቅሁትም» ሲል የሚቈጣ መምህር የራሱን መብራት ያጠፋል፤ ከየት እንደሚጀምር የሚያመለክተው ሌላ ምልክት የለውምና። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለው ተረት በአገራችን በሁሉ አፍ ይገኛል፤ ጠያቂውን ልጅ ግን «ለፍላፊ» የሚሉት ያው ተረቱን የሚተርቱት ሰዎች ናቸው።

ሐዋርያው ጴጥሮስም ይሁዳም በአንድ ሌሊት በደሉ። አንዱ ዶሮ ሲጮኽ ሰምቶ ወጥቶ አለቀሰ፤ ከወንድሞቹም ጋራ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ግን በደሉን ይዞ ለብቻው ሄደ። የሁለቱ መለያየት በመውደቅ አልነበረም።

ስለ ስሕተት የሚጨነቅ ተማሪ የሚያደርገው አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ከደብተሩ በስተኋላ አንድ ገጽ ለይቶ፥ መምህሩ ያረሙለትን ሁሉ ከነቀኑ ይጽፍበት። በቁጣ ወይም በልቅሶ አይደለም፤ ነጋዴ ዕዳውን እንደሚጽፍ ነው። ከአንድ ወር በኋላ ገጹን ቢያነበው የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። ስሕተቶቹ ብዙ መስለውት ነበር፤ ነገር ግን ያው ሁለቱ ወይም ሦስቱ ልብሳቸውን እየለወጡ የሚመላለሱ ናቸው። «ጸ»ን በ«ሰ» የሚጽፍ ልጅ በአሥር ቃል ውስጥ ቢሳሳት አሥር ስሕተት የለበትም፤ አንድ ስሕተት አሥር ጊዜ አለበት። በሒሳብም መደመር የማያቅተው፥ ነገር ግን ከአሥር ያለፈውን ወደ ቀጣዩ ቤት መውሰድ የሚረሳ ልጅ፥ «ሒሳብ አይገባኝም» እያለ ራሱን በሐሰት ይከሳል። የሚገባው ብዙ ነው፤ የሚረሳው አንድ ነው። ያንን አንዱን ለይቶ በየጠዋቱ ጥቂት ጊዜ በቀስታ ቢለማመደው ይድናል። «ከዛሬ ጀምሮ ምንም አልሳሳትም» ብሎ መማል ግን ከንቱ ነው፤ እንዲህ ያለው መሐላ ሳምንት አይደፍንም።

እስከዚህ የተነገረው በገበታና በደብተር ላይ ስላለው ስሕተት ነው፤ የሚጐዳውም ባለቤቱን ብቻ ነው። በሌላ ሰው ላይ የሚወድቅ ስሕተት ደግሞ አለ፤ እርሱም በልማድ ማሰብ ነው።

አማርኛ ስለ ዕውቀት ሦስት የተለያዩ ቃላት ሰጥቶናል። ሰው በዓይኑ ያየውን «አየሁ» ይላል፤ ከሌላ የሰማውን «አሉ» ይላል፤ በልቡ የገመተውን «መሰለኝ» ይላል። እነዚህ ሦስቱ እንደ ሦስት ከረጢት ናቸው፤ ወርቅና መዳብ እንዳይደባለቁ ተለይተው የተሰፉ። ነገር ግን በመንደር ወሬ ከረጢቶቹ ይቀደዳሉ። የአንድ ሰው በግ ከጠፋ፥ በጠዋት አንዲት ሴት «እረኛው ትናንት በበረቱ በኩል ያለፈ መሰለኝ» ትላለች። ቀትር ሲሆን ከእርሷ የሰማው ሰው «እረኛውን በበረቱ በር ቆሞ አይተውታል አሉ» ይላል። ሲመሽ በገበያ መመለሻ «በጉን የሰረቀው እረኛው ነው» ይባላል። ከጠዋት እስከ ማታ ማንም ዐውቆ አልዋሸም። እያንዳንዱ ከቃሉ ላይ ጥቂት ፍቆ ጥቂት ጨምሯል፤ ቁም ጸሐፊው በዓይኑ እንደ ዘለለው እነርሱም በጆሮአቸው ዘለሉ። እረኛው ግን በዚያች ሌሊት ሌባ ሆኖ ያድራል።

በመጽሐፈ ሶስና የሚገኘው የዳንኤል ሥራ ለዚህ መልስ ነው። ሁለት የከበሩ ሽማግሎች በሶስና ላይ በአንድ ቃል መሰከሩ፤ ጉባኤውም ሽምግልናቸውንና ሹመታቸውን አይቶ ፈረደባት። ዳንኤል ግን ወጣት ሳለ ነገሩን አቆመ። ሁለቱን ለያየ፤ ለእያንዳንዳቸውም «በየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው?» ብሎ ለብቻ ጠየቀ። አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፤ ሁለተኛውም ሌላ ጠራ። ዳንኤል የጠየቀው ጥያቄ ትንሽ ነው፤ ሕፃንም ሊጠይቀው ይችላል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ግን ሌላ የጠየቀ አልተገኘም፤ ሁሉም ፍርዱን ከመስማቱ በፊት ፈርዶ ነበርና።

በአገራችንም በቀድሞ ዘመን ሌባሻይ የሚባል ሥርዓት ነበረ። ዕቃ የጠፋበት ሰው ሲያመለክት፥ ሌባሻዩ አንድ ትንሽ ልጅ ያመጣል፤ መድኀኒት ያጠጣዋል፥ በጢስም ያጥነዋል። ልጁ ይሰክራል፤ ወገቡም በመቀነት ታስሮ ጫፉን ሌባሻዩ ይይዛል። ልጁ እየተንገዳገደ በመንደሩ ይሄዳል፤ ሕዝቡም ይከተለዋል። ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባል ነበር፤ የጠፋውንም እንዲከፍል ይገደዳል። ይህ ሥርዓት ብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖሮ በ20ኛው መቶ ዓመት በመንግሥት ትእዛዝ ተከልክሎ ቀረ።

የዛሬ ተማሪ ይህን ሰምቶ «እነዚያ ሰዎች ሞኞች ነበሩ» ብሎ ቢስቅ አልገባውም። ከነርሱ መካከል ዳኞች፥ ሊቃውንት፥ በንግድ የበለጸጉ ብልኆች ነበሩ። የሚጠቅመው ጥያቄ «ብልኅ ሰው ይህን እንዴት አመነ?» የሚል ነው።

በመጀመሪያ፥ ሌባሻይ ተጠርቷል ሲባል በእውነት የሰረቀው ሰው ሊፈራ ይችላል። በሌሊት ዕቃውን አውጥቶ በደጅ ቢጥለው፥ ሰው ሁሉ «ሌባሻይ አስገኘው» ይላል። ያስገኘው ግን ፍርሃቱ ነው፤ ልጁ ገና መድኀኒቱን አልጠጣም።

ሁለተኛ፥ ልጁ ገብቶ ከተኛበት ቤት አንድ ጊዜ ዕቃው በእርግጥ ቢገኝ፥ ያ ነገር ከአገር ወደ አገር ይወራል፤ ለልጅ ልጅ ይነገራል። ካልተገኘ ግን የሚያወራው የለም። ሰው የሚቈጥረው የሚደነቅበትን ነው፤ ሳይገኝ የቀረውን የሚቈጥር ጣት የለውም። ዐሥር ጊዜ ተሠርቶ ሁለት ጊዜ የሆነለት ነገር፥ ሁለቱ ብቻ ሲነገሩ ፈጽሞ የማይስት ይመስላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ያለ ጥፋቱ የተያዘው ሰው «እኔ አልሰረቅሁም» ብሎ ይጮኻል። ሌባም ቢሆን ያንኑ ይጮኻል። ስለዚህ የንጹሑ ጩኸት እንደ ማስረጃ አልተቈጠረም፤ ይልቁንም «ሌባ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» ተብሎ በእርሱ ላይ ተጨመረበት። አምኖ ቢከፍል ሌባ ነው፤ ክዶ ቢጮኽ ሌባ ነው። ከየትኛውም መልስ በኋላ ያው ፍርድ የሚወጣ እንደ ሆነ፥ ጥያቄው ከመጀመሪያውም ጥያቄ አልነበረም ማለት ነው።

እውነቱን ማወቂያው ግን ቀላል ነበር። ዳኛው ራሱ አንድ ዕቃ ከቤቱ ወስዶ ማንም ሳያውቅ በሣጥኑ ቢቈልፍ፥ ከዚያም ጠፋብኝ ብሎ ሌባሻዩን ቢጠራ፥ ልጁ ከማን ቤት ሄዶ እንደሚተኛ ያይ ነበር። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ሌላ ትምህርት አይደለም፤ «ባይሆንስ?» የምትል አንዲት ቃል ናት። ይህች ቃል ግን ልጅ ሳሉ ካልለመዷት በሽምግልና ከአፍ አትወጣም።

መድኀኒቱን ስለሚጠጣው ትንሽ ልጅም ማሰብ ይገባል። እርሱ ምንም አያውቅም ነበር። ያየው ሌባ የለም፤ የሰማውም ነገር የለም። እግሩ ወደ ወሰደው ሄደ፤ ትልልቆቹም በእግሩ ፈረዱ።

ሌባሻይ ቀርቷል፤ በትምህርት ቤት ውስጥ ግን የሚመስለው ነገር ጨርሶ አልቀረም። የአንድ ተማሪ እርሳስ ሲጠፋ፥ ሁሉም ዓይኑን ወደ አንድ ልጅ ይመልሳል። ይህ ልጅ ብዙ ጊዜ ልብሱ ያረጀው፥ ወይም ከሌላ ሰፈር አዲስ የመጣው፥ ወይም ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ያጠፋው ነው። ማንም መድኀኒት አልጠጣም፤ የሁሉ ዓይን ግን በአንድ ቤት ገብቶ ተኛ።

በዚህ ጊዜ የሚያስተውል ተማሪ ቢኖር በመጀመሪያ የጠፋበትን ልጅ ይጠይቀው። እርሳሱን መጨረሻ የያዝኸው መቼ ነው? በምን ጻፍህበት? ከዚያ በኋላ ወዴት ሄድህ? ከረጢትህን እስከ ታች ገልብጠህ አይተሃልን? ከዚህ በኋላ «እርሱ ነው» የሚለውን ልጅ ይጠይቀው፤ «አየህ ወይስ መሰለህ?» ይበለው። ይህን የሚጠይቅ ልጅ በዚያች ሰዓት አይወደድም፤ ሰው በቍጣው መካከል ሲያቆሙት ደስ አይለውም። የተከሰሰው ልጅ ጓደኛው ሆኖ እንደ ሆነ «አድልተህ ነው» ይሉታል፤ ጓደኛው ካልሆነም «ምን አገባህ?» ይሉታል።

እርሳሱ ከምንጣፉ በታች ወይም በደብተሩ ቅጠል መካከል በተገኘ ጊዜ ሁሉም ይሥቃል፤ ወዲያውም ወደ ጨዋታ ይወጣል። ስሙ የተጠራው ልጅ ግን አይሥቅም። ስሙን የጠራው ተማሪ ሄዶ ይቅርታ ይለምነው፤ ይህም በምሥጢር በጆሮው አይደለም፤ ክሱ በተነገረበት በዚያው ክፍል፥ ክሱን የሰሙት ሁሉ ተሰብስበው ሳሉ ነው።